ዎፈሩና የወንድሜ ቤዝ ጊታር

ዩኒቨርሲቲ የተመደብኩት እዚሁ አምቦ ነው። የዶርም ጓደኞቼ ከጅማ፣ ከደሴ፣ ከሐዋሳ የመጡ ስለሆኑ «አንቺማ ተማሪ ሳትሆኚ ጎረቤት ነሽ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እውነታቸውን ነው። ዓርብ ከሰዓት ክፍል ሲያልቅ ባጃጅ እይዝና እራት ሳይቀርብ ቤት እደርሳለሁ። ስለዚህ አንደኛ ዓመት ብሆንም በቤታችን የሚደረገው ነገር አያመልጠኝም።

ሳሎናችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ቡፌው መሃል ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ደግሞ ግድግዳው ላይ ትንንሽ ስፒከሮች ተሰቅለዋል። አባቢ ይህን ሆም ቲያትር የገዛው እኔ ገና አንደኛ ደረጃ ሳለሁ ነው። አብሮት የመጣው ዎፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ሳጥን፣ አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ በኃይል ሲመለስ ተቃጠለ። አባቢ ትንንሾቹ እስከሠሩ ድረስ ይበቃናል አለ። ከዚያ በኋላ በቤታችን የሚሰማው ሁሉ ቀጠነ። ዜና አንባቢው እንኳ አፍንጫውን ይዞ የሚያነብ ይመስል ነበር፤ እኛ ግን ለምደነዋል።

ያልለመደው ታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ከአምቦ አለፍ ብላ ባለችው በጌዶ ከተማ ሒሳብ ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ብዙ ጊዜ ቤት ይመጣል። ከዚያ በፊት አምቦ ሳለ በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። ወደ ጌዶ ከመሄዱ ትንሽ ቀደም ብሎ መዘምራኑ አልበም አወጡ፤ በቪዲዮም ተቀረጹ። እማዬ ቪዲዮውን በፍላሽ አስገልብጣ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ምሳ እስኪደርስ መክፈት ልማዷ ሆነ።

አባቢ ሶፋው ላይ ተደላድሎ የሚያውቃቸውን ዘማሪዎች አንድ በአንድ ያደንቃል። ወንድሜ ከጥግ በኩል፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጊታሩን እንደያዘ ብቅ ሲል ደግሞ ይጀምረዋል።

«መጣ፣ መጣ! ጣቱ ይንቀሳቀሳል። ድምፁስ? ኤሳ ጅርታ፣ ጉርባ ኮ? የት ነህ፣ ልጄ?»

«አለሁ፣ አባቢ። ከሥር ነኝ።»

«ከሥር የት? ሶፋው ሥር? የዚያኛው ልጅ ጊታር ስድስት አውታር አለው፤ ያንተን ሁለቱን ማን በላቸው?»

ሁላችንም እንስቃለን። ወንድሜም መጀመሪያ መጀመሪያ ከማናችንም በላይ ይስቅ ነበር። አባቢ ክፋት የለውም። በቤተ ክርስቲያን ያለው ድምፅ ማጉያ ሁሉን ነገር አንድ ላይ ስለሚያስጮኸው ቤዙን ለይቶ አያውቀውም፤ ቤት ሲመጣ ደግሞ ጨርሶ የለም። የማይሰማ ነገር ደግሞ ለአባቢ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሥራ ማለት ውጤቱ የሚታይ ነው ይላል።

እየቆየ ግን እማዬ ፍላሹን ስትሰካ ወንድሜ ጫማውን ይዞ ወደ በረንዳ መውጣት ጀመረ። ሊጠርገው ነው። አንድ እሁድ ተከትዬው ወጣሁ፤ ጫማው ንጹሕ ነበር፤ እሱ ግን ይጠርጋል።

«ጌዶ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቤዝ ተጫወትልን ብለውኛል» አለኝ ቀና ሳይል። «እንጃ። አባቢ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ ጣቱን ቢያንቀሳቅስ ባያንቀሳቅስ ልዩነት ከሌለው፣ ምን ይሠራል?»

«ምን አልካቸው ታዲያ?»

«እስካሁን ምንም።»

ያ ነገር ዶርም ድረስ ተከተለኝ። አንድ ቀን ያንኑ መዝሙር በአልጋ ጎረቤቴ ኢርፎን ሰማሁት። እሷ ጥሩ ኢርፎን አላት። መዝሙሩን በቃሌ የማውቀው ነበር፤ ግን ከሥሩ ሌላ ሰው ሲራመድ ሰማሁ፤ ዘማሪዎቹ ሲያርፉ እሱ ይቀጥላል፤ ሲመለሱ ቀድሞ ቦታው ላይ ይጠብቃቸዋል። ወንድሜ ነው። ስንትና ስንት እሁድ አብረን ተቀምጠን አንድ ቀን ሰምተነው አናውቅም ማለት ነው።

በማግስቱ ኢርፎኑን ተውሼ ለአባቢ ወሰድኩለት። በጣቱ ይዞ ካገላበጠው በኋላ «ጆሮዬን ምን ሆነ ብለሽ ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ? ሐኪም አላዘዘልኝም» ብሎ መለሰልኝ። እንግዲህ አባቢ መስማት ካለበት የሚሰማው እዚያው ሶፋው ላይ፣ በለመደው ቴሌቪዥን ነው።

የጎረቤት ልጆችን አስጠንቼ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ነበረኝ። ለአዲስ ሆም ቲያትር የሚሆን ሳይሆን ለአንድ ዎፈር፣ ያውም ላገለገለ፣ የሚበቃ ነበር። የእኛ ማጫወቻ ጀርባ ላይ የዎፈር መሰኪያ እንዳለ በመብራት እያየሁ አረጋገጥኩ። ከዚያ ገበያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ ወደሚሸጥ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ከደቡብ መጥቶ አምቦ የቆየ ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ ደንበኛን ማጫወት ይወዳል።

«ዎፈር ብቻውን?» አለኝ። «እህቴ፣ ሙሽራ ብቻዋን ትዳራለች እንዴ? ከነስፒከሮቹ ልስጥሽ።»

«ስፒከሮቹ ቤት አሉ። የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ዎፈር ነው የምፈልገው፤ በአንድ ገመድ የሚሰካ።»

«ኧረ! አጥንተሽ ነው የመጣሽው!» ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጥቁር የእንጨት ሳጥን ጎትቶ አወጣ። በአንድ ጎኑ ተፍቋል። ሰክቶ ሲያጫውተው የሱቁ መስታወት በር ተርገፈገፈ፤ እኔም ደነገጥኩ። «አብሽሪ፣ ወላሂ ጤነኛ ነው። መሬት ላይ አድርጊው፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጊው፣ የፊቱን ነገር አትሸፍኚው። በቃ።»

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኩት። እማዬ በጣም ደስ አላት። እማዬ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ በቤታችን ግን ጸሎት ሳይደረግበት ሥራ የሚጀምር ዕቃ የለም። እጇን ሳጥኑ ላይ ጭና «ጌታ ሆይ፣ ክብርህ ይሰማበት» አለች። እኔም አሜን ብዬ ወለሉ ላይ ቦታ ማመቻቸት ጀመርኩ።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ።

«መሬት ነው የሚቀመጠው፣ እማዬ።»

«መሬት! ገንዘብ የወጣበት ዕቃ እንደ ድስት መሬት ይቀመጣል? እንግዳ ሲመጣ ምን ይላል?» ቡፌው ላይ፣ ለሠርጓ የተሰጧት ብርጭቆዎች ካሉበት በላይ፣ የአበባ ማስቀመጫውን አንስታ ቦታ ሰጠችው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳለው ያለ ነጭ ዳንቴል አመጣች። ዳንቴሉ ከላይ ወርዶ የሳጥኑን ፊት ሸፈነው። «አየሽ? አሁን ዕቃ መሰለ።»

የባለሱቁ ቃል ጆሮዬ ላይ ነበር። ግን እማዬን እምቢ ማለት አይሆንልኝም፤ ደስታዋንም ማበላሸት አልፈለግኩም። እሺ አልኩ።

ወንድሜ ቅዳሜ ማታ ከጌዶ ገባ። ዎፈሩን አየው፤ ለምን እንደገዛሁት ግን አልጠየቀኝም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ ፍላሹን ሰካች። ወንድሜ ወደ ጫማው ሲያይ «ዛሬ ተቀመጥ» አልኩት። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባቢን «ከሥር ያለውን ድምፅ አድምጥልኝ፤ እሱ ነው» አልኩት። አባቢም ለእኔ ብሎ ወደ ፊት ጠጋ አለ።

መዝሙሩ ተጀመረ። የመጀመሪያዋ የቤዝ ድምፅ እንደወጣች ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች በሙሉ አብረው ዘመሩ። ሲኒዎቹ ተቀበሏቸው። የቡፌው መስታወት ዝርርርር አለ። ከዳንቴሉ ሥር የሚወጣው ድምፅ ታፍኖ፣ ከእሱ ይልቅ የብርጭቆው ጎላ።

አባቢ ጥቂት አዳመጠና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «የልጄ ሥራ ብርጭቆ ማንኳኳት ነው? ይኼንንማ ድመትም ትችለዋለች!»

እማዬ ሮጣ ጠርዝ ላይ የደረሰች አንዲት ብርጭቆ ያዘች። «ቀንሺው! ቀንሺው!» ቀነስኩት። ብርጭቆዎቹ ዝም አሉ፤ ቤዙም አብሮ ጠፋ። ዞር ስል ወንድሜ ሶፋው ላይ የለም። ከበረንዳው የጫማ ብሩሽ ድምፅ ይሰማል።

«አሁን ጥሩ ነው። እንዲህ ይሁን» አለች እማዬ።

«አይሆንም፣ እማዬ።»

በሕይወቴ ለእማዬ ይህን ቃል የተናገርኩበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ እሷም ዞራ አየችኝ። «ይቅርታ፣ ግን መሬት መውረድ አለበት። ዳንቴሉም መነሳት አለበት። ለቤት ማሳመሪያ አልገዛሁትም። አባቢ አንድ ቀን እንዲሰማው ብዬ ነው።»

አባቢ «እኔ ምኑን?» አለ።

«እሱን። አንተ ‹የት ነህ?› እያልክ ትስቃለህ፣ እሱ ይወጣል። ጫማው እኮ ቆሽሾ አይደለም፣ አባቢ።»

አባቢ ወደ በረንዳው በር አየ። ብሩሹ አሁንም አላቆመም። ተነሥቶ ዎፈሩን በሁለት እጁ ከቡፌው አወረደውና «የት ላድርገው?» አለኝ። እማዬ ዳንቴሉን አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገች፤ «እንግዳ ሲመጣ ግን ይለብሳል» አለች። በዚያ ተስማማን።

ከሶፋው ፊት ለፊት፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገን አስቀመጥነው። ከጀርባው ያለችውን፣ ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ የምትለየውን ማዞሪያ፣ የዘማሪዎቹ ድምፅ በእሱ በኩል እንዳይወጣ እስከ ታች ዝቅ አደረግኳት፤ የቀነስኩትን ድምፅ ደግሞ መልሼ ከፍ አደረግኩ። ከዚያ በረንዳ ወጣሁ።

«ግባ።»

«ሚኒባስ ያመልጠኛል።»

«አንድ መዝሙር ብቻ። አባቢ ራሱ ነው ያወረደው።»

ገባ፤ ግን አልተቀመጠም። በሩ ላይ ብሩሹን እንደያዘ ቆመ።

በዚህ ጊዜ ብርጭቆዎቹ አልተንቀሳቀሱም። ድምፁ ከወለሉ ወጣ፤ ለስለስ ያለ፣ ሞላ ያለ፣ ሰው እየተራመደ የሚመጣ የሚመስል። አባቢ መጀመሪያ «ከበሮ ነው?» አለ። ወዲያው ወንድሜ ከቴሌቪዥኑ ጥግ ብቅ አለ፤ ጣቱ ወረደ፣ ድምፁም አብሮ ወረደ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አባቢ። እጁን ዘርግቶ ዝም አሰኘን፤ የተናገረ ግን አልነበረም። ሁለተኛው መዝሙር ገባ። አባቢ ዓይኑን ከዚያ ጥግ አላነሳም፤ ካሜራው ወደ ዘማሪዎቹ ሲሄድ ይናደዳል፤ «መልሱት እንጂ፣ እነሱንማ አይተናል!» ይላል።

በሁለተኛው መዝሙር መሃል ወንድሜ ድንገት «አሁን አጥፊው» አለኝ። ሳላጠፋው አንዲት ድምፅ፣ ዘማሪዎቹ ገና ሳይመለሱ፣ ብቻዋን ዱብ አለች።

አባቢ ተነሣ። «እዚህ ጋ ምን ሆንክ?»

ወንድሜ ፊቱ ቀላ። «ቀድሜ ገባሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ማንም አልሰማም፤ እዚህም እንደማይሰማ እርግጠኛ ነበርኩ።»

«እኔ ግን ሰማሁ!» አለ አባቢ፤ ትልቅ ነገር እንዳገኘ ሰው። «መልሺው፣ ኢንታላ ኮ። ያቺን መልሺልኝ።»

መለስኩለት። ደግሞ መለስኩለት። ወንድሜ መሳቅ ጀመረ፤ እንደ ድሮው። አባቢ ሶፋው ላይ ቦታ ለቀቀለትና በክንዱ ጎትቶ አስቀመጠው።

«አንተ ስትሳሳት እነሱ ለምን አልተሳሳቱም?»

«ቶሎ መለስኳታ። እኔን ሰምተው ነው የሚገቡት፤ ስህተቱ ላይ ብቆይ ኖሮ አብረውኝ ይጠፉ ነበር።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አባቢ ወደ እሱ ዞር አለ። «ታዲያ ጌዶ ያሉት መዘምራን ማንን ሰምተው ነው የሚገቡት?»

ወንድሜ ወደ እኔ አየ፤ እኔ አልነገርኩትም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። «ማንንም» አለ። «እንድጫወትላቸው ጠይቀውኛል።»

«እና ምን ትጠብቃለህ? ይጥፉ?»

«እነግራቸዋለሁ፣ አባቢ። በዚህ ሳምንት እነግራቸዋለሁ።»

እማዬ ምሳ ቀርቧል ብላ ተጣራች። የሚሄድ አልነበረም። ወንድሜ ሊሄድበት የነበረው ሚኒባስም ሄዶ መሆን አለበት፤ ከእሱ በኋላ ሌላ ስላለ ማንም አላስታወሰውም። ሦስተኛው መዝሙር ሊጀምር ሲል አባቢ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ዎፈሩ ጎንበስ አለ።

«እዚህኛው ላይስ ስህተት አለህ?»

«አንድ ቦታ አለ። እሷም…»

«እንዳትነግረኝ!» አለ አባቢ እጁን አንሥቶ። «እኔ ራሴ አገኛታለሁ።»