የሌንሱ መልስ

ሰውዬው ቀኝ ጆሯቸውን ደጋግመው ይነካሉ፤ የስቱዲዮው ማዳመጫ የወለቀ እየመሰላቸው። ብብቱ የተተረተረ ኮታቸውን ለብሰው፣ ካዛንቺስ ፍዮሪ ቪዲዮ ቤት ቁጭ ብለው ሥራ ይጠብቃሉ። ድሮ የቴሌቪዥን ካሜራማን ሳሉ፣ ቀረጻ ላይ ትንፍሽ ማለት ስለማይቻል ለዳይሬክተሩ የሚመልሱት በካሜራው ነበር፤ እሺ ሲሉ ሌንሱን ዝቅ ከፍ፣ አይሆንም ሲሉ ግራና ቀኝ። ዛሬ የስቱዲዮው ካሜራዎች በሪሞት ይዞራሉ፤ ሰው አያስፈልጋቸውም።

ትናንት፣ "እባክሽ የኔ ልጅ፣ ሠርግም ቢሆን፣ ለቅሶም ቢሆን እቀርጻለሁ" ሲሏት ሰማሁ።

የቤቱ ባለቤት ፍዮሪ አቀረቀረች። "ጋሼ፣ አሁን እኮ አንዱ ልጅ ቀርጾ፣ ራሱ በኮምፒውተር ኤዲት አድርጎ ነው የሚያስረክበኝ። ማለቴ… ሌላ የሚችሉት ሥራ አለ?"

እጃቸው አጠገባቸው የቆመው ካሜራ እጀታ ላይ አረፈ። ሌንሱ ቀስ ብሎ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረ።