የገዛ ዓይኔን ደም ሥር ያየሁ ዕለት

የገዛ ዓይኔን የደም ሥር በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። በመስታወት አይደለም፣ በፎቶም አይደለም። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ጭሮ ከተማ ውስጥ እኔ ያልኩትን የሚያምን ሰው ከጠፋ ቆየ።

ጫት ነጋዴ ነኝ። ከልጅነቴ ሩቅ አላይም፤ በቅርብ ግን የሚያህለኝ የለም። መነጽሬን አውልቄ ቅጠሉን አፍንጫዬ ስር ካስጠጋሁ የበደሳን ጫት ከቦኬ ጫት፣ የዛሬውን ከትናንቱ እለያለሁ። ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴን ነው ያስተማርኩት።

አምና ገበያው አኮረፈኝ። «ኮራ» አሉ። ከሁሉ የባሰበት ስንት ዓመት አንድ ጥላ ስር አብሮኝ የነገደው ጓደኛዬ ነው። እጁን ሲዘረጋልኝ እንዳላየ አልፈዋለሁ አሉ። እኛ ጋ የተዘረጋ እጅ ማለፍ ከስድብ ይከፋል። ስለዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን መስጊዱ አጠገብ ምንጣፍ ላይ አስቀመጡን።

«ሰላም ለምን ነሳኸው?» አሉኝ።

«ወላሂ አልነሳሁትም! እስቲ ጥሩትና ፊቴ ይናገር!»

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዚያ አንድ እጅ ጉልበቴን ነካኝ። ለካ ጓደኛዬ ከመጀመሪያው ጀምሮ በግራዬ፣ ትከሻዬ ስር ተቀምጧል።

«አቦ፣ አሁንስ ቀልዱን ተወው» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። እጄ ግን እዚያው ምንጣፉ ላይ በግራዬ በኩል ይዳስሰው ነበር።

ሐኪም ቤት የወሰደኝ ይህን ያየው ጓደኛዬ ነው። የዓይን ሐኪሟ ከወሎ ተመድባ የመጣች ልጅ ናት። ቀኝ ዓይኔን በእጇ ሸፈነችው።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አልኳት። ጭሮ ነዋ፣ ይሄዳል።

አልሳቀችም። «ጋሼ፣ መብራት አለ» አለችኝ።

ቀጥላ ቀኙን በትንሽ መብራት ስታየው፣ መብራቱን ወዲያ ወዲህ ስትለው፣ ድንገት ፊቴ ላይ ጥቁር ዛፍ በቀለ። ቅርንጫፍ ብቻ፣ ቅጠል የለው። «የራስዎ የደም ሥር ጥላ ነው» አለችኝ። እኔ ያየሁት ግን ገራባ ነው፤ ቅጠሉ ተበልቶ የምንጥለው የጫት እንጨት።

በሽታው ግላኮማ ነው አለች። እንደኔ ሩቅ የማያይ ዓይን ወደ ኋላ ይረዝማል፣ ሲረዝም ይሳሳል፣ የደም ሥሩም ይቀጥናል። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ግፊት ሲጨምር ደሙ ለነርቩ በቅጡ አይደርሰውም። ገባኝ። የጫት ማጠጫ ጎማ ላይ ሰው ሲቆምበት ማለት ነው፤ ውኃው አለ፣ ጫፍ ያለው ተክል ግን ይደርቃል።

«የግራው ይመለሳል?»

«የሄደው አይመለስም። ጠብታውን ካላቋረጡ ቀኙን ለማቆየት እንሞክራለን።»

እንሞክራለን! እኔ ይቺን ቃል የምለው ጫቱ ጠውልጎ ገዢ ለማያገኝለት ገበሬ ነው።

ጠብታውን አላቋረጥኩም። ጠዋት ጠዋት አንድ እስር ጫት ፊቴ እይዝና ወደ ጎን እወስደዋለሁ፣ እስኪጠፋ። ከበፊቱ ቶሎ ይጠፋል። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ እሷ ፊት ቀልዴ ያልቅብኛል ብዬ እፈራለሁ።

አታምኑም አይደል? ጫት ተራ ሂዱና ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ ከዚያ ወዲህ ጥሩ ቀልድ ስነግራቸው እንኳ አይስቁም። ጓደኛዬንም ጠይቁት፤ አሁን የሚቀመጠው በቀኜ ነው። እኔን ልትጠይቁ ከመጣችሁ ግን ፊት ለፊት ኑ። ቶሎም ኑ።