ሽሮ የበላችው ለጋሽ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ በአንድ ረቡዕ ቀን ነው። ቀኑን የማልረሳው ጾም ስለነበር ነው፤ ነገሩ ሁሉ የተገለበጠውም በዚሁ ጾም ምክንያት ነው።

የካዛንቺስ ጎረቤታችን የጋሽ ግርማ ልጅ፣ ሄለን፣ የደም ካንሰር ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አፍንጫዋ መድማት ጀምሮ አልቆም አለ። ሐኪሞቹ ዛሬውኑ ፕላትሌት ያስፈልጋታል አሉ፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነገር ነው። ለጋሽ እንዲሆን የተመረጠው የሰፈራችን ጉልበተኛ ጀማል ነበር። እኔ የሄድኩት ለአጃቢነት ነው።

ጋሽ ግርማ ለጋሽ በባዶ ሆዱ አይሄድም ብለው መንገድ ላይ ሥጋ ቤት አስገቡን። ለጀማል ቅቤ የጠጣ ክትፎ አዘዙለት። "ብላ፣ ደም ይሁንህ" እያሉ በእጃቸው ያጎርሱታል። እኔ ዘይት ያልበዛበት ሽሮዬን ስበላ አይተው፣ "አንቺማ እንኳን ለሰው ለራስሽም የሚበቃ ደም የለሽ" አሉኝ። አብሬ ሳቅሁ፤ ግን ቅር ብሎኛል።

ደም ባንክ ደርሰን ነርሷ ከጀማል ናሙና ወሰደች። ቆይታ ተመለሰችና፣

"ምን በልተህ ነው የመጣኸው?" አለችው።

ብልቃጡን አሳየችን። ከቀዩ በላይ የተንሳፈፈው ወተት መስሏል። ቅባት ስለበዛበት ዛሬ ከእሱ መውሰድ አይቻልም አለች።

ጋሽ ግርማ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። "በእጄ አጉርሼ…" አሉ።

"በቃ እኔን መርምሩኝ" አልኩ። መርፌ እንደምፈራ ለማንም አልተናገርኩም። የደም ዓይነቴም ሌላውም ተስማማ፤ ማሽኑ አጠገብ አስተኙኝ።

ማሽኑ ደሜን እየወሰደ ፕላትሌቱን ለይቶ ያስቀራል፣ ቀዩን መልሶ ለእኔው ይሰጠኛል። ከንፈሬን ነዘረኝ፤ ነርሷ የተለመደ ነው አለችኝ። ጋሽ ግርማ ደሙ በቱቦው ወደ እኔ ሲመለስ አይተው ክው አሉ።

"የእሷንም አንፈልግም ብላችሁ መለሳችሁት?"

ነርሷ የተንጠለጠለውን ቢጫ ከረጢት ጠቆመቻቸው። "የልጅዎ ይኸውልዎ። ጥሩ አድርጋ ሰጥታለች።"

ጋሽ ግርማ መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ማታ የሄለን አፍንጫ መድማቱን አቆመ።

ትዕቢት አይወደድም፤ እኔ ግን በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅም። ሄለን ዛሬም ሕክምና ላይ ናት። ቤተሰቡ አሁን ከካዛንቺስ ወደ ጎተራ ሰፈር ተዛውሯል። በቅርቡ ለሌላ ለጋሽ ምሳ ሲያዝዙ አብሬያቸው ነበርኩ። ልጁ ጥብስ ሲል ጋሽ ግርማ አቋረጡት።

"ሽሮ ነው የምትበላው" አሉት፣ ወደ እኔ እየጠቆሙ። "ልጄን ያተረፋት የሽሮ በላተኛ ደም ነው።"