የተጋገረው ዳዶ

በመካኒክነት ዘመኔ እንደዚያ ያለ ቆሻሻ ነክቼ አላውቅም። ከአዲስ ቅዳም ከተማ ወጣ ብላ ያለች የናፍጣ ወፍጮ ናት። ባለቤቷ ባልቴት ናቸው፤ ጉሮሯቸው የተንጠለጠለው በእሷ ላይ ነው። ሞተሩ በፊት በኩል ዘይት እየተፋ ዱቄቱ የተቃጠለ ዘይት ስለሸተተ፣ ሰው እህሉን ወደ ሌላ ወፍጮ መጫን ጀምሯል። ዘይቱን የሚገታውን ጎማ ለመቀየር፣ ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የተወጠረውን ቺንጋ የሚያዞረው ክብ ብረት፣ ፑሌጃው፣ መውለቅ አለበት። ፑሌጃውን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የያዘው ደግሞ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው።

ዳዶው ግን የታለ? ሴትዮዋ ዘይት በፈሰሰ ቁጥር እንዲመጠው እያሉ እፍኝ ዱቄት ሲነሰንሱበት ኖረዋል። ዱቄቱ በዘይት ተቦክቶ፣ በሞተሩ ሙቀት ተጋግሮ ወፍራም ቅርፊት ሠርቷል። ስፍቀው የአይጥ ጸጉርና ኩስ ወጣ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምን ላድርግ ልጀ፣ ዱቄቱ ዘይቱን ደህና ይዞልኝ ነበር እኮ።»

ዳዶው ሲገለጥ ማዕዘን የሚባል አልቀረለትም። ከእኔ በፊት የመጣው ሰው በመሮ እየነረተ ነው ያጠበቀው። መፍቻ መያዝ የማያውቅ ሁሉ መካኒክ ነኝ ይላል እያልኩ ስሰድበው አረፈድኩ። መፍቻዬ እጀታ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቼ ብንጠለጠልበት ተንሸራቶ ከግድግዳ ጋር አላተመኝ። በጋዝ እሳት አጋልኩት። ቅርፊቱ ሲቃጠል ዳቦ ዳቦ ሸተተ። ጾም ነበርና ምራቄን ዋጥኩ፤ ራሴን ተጸየፍኩት።

ደንቡ ከዳንግላ የእጅ መሰርሰሪያ ተውሶ ዳዶውን እየበሱ ቀስ አድርጎ መሰንጠቅ ነበር። እኔ ግን አንገፈገፈኝ። ከዚያ ሽታ ቶሎ ልገላገል ብዬ መሮ አነሳሁ። በሦስተኛው ምት ዳዶው ተሰነጠቀ፤ መሮው ግን አልቆመም፣ ዘልቆ የዘንጉን ጥርስ በላው። ከእንግዲህ ሌላ ዳዶ አይዝም። ለዚያ አሮጌ ሞተር ደግሞ ዘንግ ከየትም አይገኝም።

«ወጣልህ?» አሉኝ ሴትዮዋ ከደጃፉ።

«ወጥቷል። ግን ዘንጉ ቀድሞ ሞቷል፣ እማማ። ያ ፊተኛው ሰው ነው የገደለው።»

ከራሳቸው ጋር በአዊኛ አንድ ሁለት ቃል ተነጋገሩ። ከዚያ ውሃ በጣሳ ይዘው መጥተው ሊያስታጥቡኝ ጎንበስ አሉ።

«አንተስ ለፋህልኝ፣ እግዜር ይስጥህ። እሱን ግን የሥራውን ይስጠው።»

«አሜን» አልኩ።