ለሰላም ሠርግ በሊኑክስ የቀዳሁት ምርቃት

ከአሰላ የወጣሁት አመሻሽ ላይ፣ ለጎረቤት ሁሉ «ዴራ በሬ ለማየት ነው የምሄደው» ብዬ ነው። አሰላ ውስጥ አንድ ሰው ሻንጣ ካነሳ፣ መናኸሪያ ከመድረሱ በፊት ውስጡ ስንት ካልሲ እንዳለ ይታወቃል። ስለዚህ በፌስታል ወጣሁ። በፌስታል የተሰደደ የመጀመሪያው የአርሲ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ያኔ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጄ ሰላም ፌስታሉን አየት አደረገችና «አባዬ፣ በሬ ለማየት ሦስት ሹራብ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ሦስቱንም ደራርቤ ለብሼ ወጣሁ። ዴራ ስንደርስ ሙቀቱ አንዱን አስወለቀኝ፤ ሁለቱን እስከ ጀርመን ለበስኳቸው። ስለ መንገዱ አልተርክም፤ እኔ ባወራሁት ቁጥር በረሃው ይሰፋል።

አሁን የምኖረው በሰሜን ጀርመን አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ብርዱ የጭላሎ ተራራ ዘመድ ነው፣ ሰላም የማይልህ ዘመድ። ዳቦው ቢወረወር ግድግዳ ያፈርሳል። አከራዬ ሄር ኡቨ (ሄር እንግዲህ «አቶ» መሆኑ ነው) በተሳሳተ ቅርጫት የጣልኩትን ቆሻሻ አውጥተው ደጃፌ ላይ የሚያስቀምጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን ሰላም በሰው የላከችልኝን ጭኮ አዩ።

«ይሄ ሰም ነው?»

«ገብስና ቅቤ ነው። ይቅመሱ።»

«ማን ሠራው?»

«ልጄ።»

«ፈቃድ አላት?»

ከዕለታት አንድ ቀን ሰላም ልታገባ መሆኗን ነገረችኝ። እኔ የያዝኩት ወረቀት እዚህ ያኖረኛል እንጂ አገሬ አያደርሰኝም። «አባዬ፣ በስልክ እንዳትመርቀኝ» አለችኝ። «ምርቃት መሃል ኔትወርክ ቢቋረጥ ሰው ክፉ ምልክት ያደርገዋል። ቀድተህ ላክልኝ፣ በድምፅ ማጉያ እናሰማዋለን። ካልደረሰ ጋሼ ጌታቸው ይመርቀኛል።»

ጌታቸው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ ከወጣሁ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ የምጠረጥረውም ለዚሁ ነው። ቦታዬን አሙቆ ተቀምጦበታል። ምርቃቱንም ከወሰደ ምን ይቀረኛል?

በስልኬ ስሞክር ድምፄ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ማይክ ገዛሁ። ኮምፒውተር እንደሌለኝ የሰሙት ሄር ኡቨ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው መጡ።

«ውሰደው። የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው።»

«ታዲያ ሊኑክሱን ማን ሠራው?»

«ሰዎች። በየቤታቸው ተቀምጠው።»

«ምን ፈልገው?»

«ምንም።»

ወገኖቼ፣ እኛ አገር ምንም ሳይፈልግ የሚሰጥህ ሰው ወይ ዋስ ሁነኝ ሊልህ ነው፣ ወይ ልጁን ሊድርልህ። ሄር ኡቨ ልጅ የላቸውም። ላፕቶፑን ለሁለት ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን ማይኩን ሰክቼ ጀመርኩ። ድምፅ ሲሰማ የሚዘል አረንጓዴ መስመር አለ። አፌን ማይኩ ላይ ለጥፌ ስመርቅ መስመሩ እንቅልፉን ይተኛል። ማይኩን ትቼ ላፕቶፑ አጠገብ ሲኒ ሳስቀምጥ ግን ዘለለ። ሳስልም ዘለለ። ማይኩን ነቀልኩት፣ አሁንም ይዘላል። በቃ፣ ሽማግሌው ታች ቁጭ ብለው እያዳመጡኝ ነው አልኩ። እስኪ ይስሙት ብዬ፣ ማይኩን መልሼ ሰክቼ በአርሲ ሜዳ ሙሉ ድምፅ መረቅኩ። ለካ ሰዓቱ «ሩሄ» ነው፣ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ጀርመን ዝም የሚልበት። በሩ ተንኳኳ።

«ከማን ጋር ነህ? ውሉ ለአንድ ሰው ነው።»

«ብቻዬን ነኝ። ልጄን እየመረቅኩ ነው።»

«የት ነው ያለችው?»

«አሰላ።»

«ለዚህ ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

«ኮምፒውተሩ ማይኩን ሳይፈልግ ይሰማኛል» አልኳቸው፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ።

ሄር ኡቨ ማይኩን በጥፍራቸው ፋቁት። መስመሩ ዝም። የላፕቶፑን ጠርዝ ፋቁ። ዘለለ። «በራሱ ማይክ ነው የሚሰማህ። የገዛኸውን ምረጥለት» አሉና ከአንድ ዝርዝር ውስጥ ማይኬን መረጡት። «ደግሞ ማንም አይሰልልህም። እኔ ሳልፈልግ የምሰማህ ይበቃኛል።»

በማግስቱ ሩሄ ሲያልፍ ቀዳሁ። «ጎተራሽ አይጉደል፣ ከፊትሽ ዕንቅፋት ይነሣልሽ…» የሙሽራው ወገኖች የሲሬ ሰዎች ስለሆኑ በኦሮምኛም «ሆሪ ቡሊ»፣ ርቢ ኑሪ፣ አልኩበት። ከየምርቃቱ በኋላ ለአሜን የሚሆን ቦታ ተውኩ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን ፍሪጁ ያንጎራጉራል። ፕሮግራሙ ላይ «ዝምታን አስወግድ» የሚል ቁልፍ አገኘሁና ጉርምርምታውን ይጠርግልኛል ብዬ ተጫንኩት። መልሼ አልሰማሁትም። የራሴን ምርቃት ብቻዬን ብሰማ አሜን ባዩም እኔው ልሆን ነው፤ የራሱን ምርቃት በራሱ አሜን የሚል ሰው ደግሞ የት አለ? ዝም ብዬ ላክሁት።

የሠርጉ ማግስት ሰላም ደወለች።

«አባዬ፣ ማን እያባረረህ ነው የቀዳኸው?»

ያ ቁልፍ ለካ የአሜኑን ቦታ በሙሉ ቆርጦ ጥሎታል። እድምተኛው «አሜ…» ሲል እኔ ሦስተኛ የልጅ ልጄ ላይ ደርሻለሁ። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ አሜን ማለቱን ተወ።

«ከዚያስ?»

«ጋሼ ጌታቸው ተነሣና ምርቃትህን የሚያሰማውን ስልክ ያዘው። አንድ ምርቃት ባልክ ቁጥር ያቆምሃል፣ ሰው አሜን ይላል፣ እንደገና ይለቅሃል። እስክትጨርስ ድረስ ቆሞ።»

«በመሃል የራሱን አልጨመረበትም?»

«አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስትጨርስ ሄዶ ተቀመጠ።»

የምጠረጥረው ነገር ፈለግኩ፣ አጣሁ።

«ሰላሜ፣ አሜኑን የቀዳ ሰው አለ? ልስማው።»

«ማን ይቀዳል አባዬ» አለችኝ። «ሁሉም አሜን እያለ ነበር።»