እትዬ ዘይነባ ክሎተን የገቡበት ሳምንት

ባለፈው ቅዳሜ፣ አሁን በምማርበት ከተማ ፕላንፓሌ በሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከአሮጌ ብስክሌቶችና ከተሰነጣጠቁ ሳህኖች መካከል፣ የአውሮፕላን ምግብ ማመላለሻ ጋሪ ለሽያጭ ቆሞ አየሁ። በሩን ስከፍተው የቀዘቀዘ ቅቤና የሳሙና ሽታ መታኝ። ሽታው ምናልባት ከጋሪው ሳይሆን ከራሴ ትዝታ የወጣ ይሆናል። የሆነው ሆኖ፣ እዚያው እንደቆምኩ የምሳፈርበት የከተማ ባቡር አመለጠኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ዙሪክ እኖር ነበር። ከትምህርት በኋላ ክሎተን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ እንዲህ ያሉ ጋሪዎች የሚታጠቡበት ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር። አለቃችን ጋሽ መስፍን የሚባሉ የአዲስ አበባ ሰው ነበሩ። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ደግሞ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሥራ ካጡ ቆይተዋል። ደሴ ያለች ልጃቸውን ለማምጣት የራሳቸው ደመወዝ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያውም ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት፤ ከሞላት በኋላ ሕጉ አይፈቅድም።

ሥራ ሊጠይቁ ሲመጡ ጋሽ መስፍን ተስፋ ሰጧቸው። ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ ሥራ ያጣ ሰው ለሚቀጥር ድርጅት፣ መንግሥት ከደመወዙ ከፊሉን በድጎማ ይከፍላል።

«ትንሽ ይቀርዎታል» አሏቸው። «ሙዝ እንኳን እስኪበስል ይጠበቃል። ጃንዋሪ ላይ ይበስላሉ፤ ያኔ እቀጥርዎታለሁ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እትዬ ዘይነባም አብረው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ባገኘናቸው ቁጥር «እትዬ፣ ቢጫ ሆኑ ወይ?» እንላቸው ነበር።

ጭጋጉ መሬት በያዘበት በኖቬምበር፣ አልማዝ የምትባል ባልደረባችን ታመመች። እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ሥራው እንዳይወሰድበት ሌላው ገብቶ ይሸፍንለታል። ጋሽ መስፍን ራሳቸው ለእትዬ ዘይነባ ደውለው «ለእህትዎ ለአልማዝ ይድረሱላት» አሏቸው። እሳቸውም መጡ። ሳምንቱን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆመው ትሪ አጠቡ፤ በእረፍት ሰዓት ከባቡር ጣቢያው የገዙትን ማሮኒ፣ ያን ትኩስ ጥብስ ፍሬ፣ እየላጡ ያጎርሱን ነበር።

ዓርብ ዕለት ጋሽ መስፍን ገንዘቡን ሳይመዘገብ በእጃቸው ሊያስጨብጧቸው ሲሉ እትዬ ዘይነባ እምቢ አሉ።

«ተደብቆ የተበላ ሐራም ነው። በሕጉ ይመዝገብልኝ።»

«ይቅርብዎ፣ እትዬ።»

«ልጄን የማመጣው በንጹሕ ገንዘብ ነው።»

ተመዘገበ።

ጃንዋሪ ላይ አዲስ ሻሽ አስረው፣ ለሁላችን ሳምቡሳ ጠብሰው መጡ። ጋሽ መስፍን አንዱን እየገመጡ፣ «ኖቬምበር ላይ ሠርተዋልኮ። ሥራ ያጡበት ጊዜ ተቋረጠ። ድጎማው አይፈቀድም፤ እንደ አዲስ ይቆጠራል» አሏቸው።

«የጠሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«የጠራሁት እኔ፣ ያስመዘገቡት እርስዎ።»

«እንግዲያው ያለ ድጎማው ይቅጠሩኝ።»

«ያለ ድጎማውማ ወጣት እቀጥራለሁ።»

ከኋላ አንዱ «ሙዙ መልሶ አረንጓዴ ሆነ!» አለ። ሳቁ ከጋሪዎቹ ድምፅ በላይ ሄደ። እትዬ ዘይነባ ግን በዚህ ጊዜ አልሳቁም። «ሳይበርድ ብሉ» ብለውን ሳህናቸውን ትተው ወጡ። እኛም በላን። ቆጠራው እንደገና ሳይሞላ ልጅቷ አሥራ ስምንት ሞላት።

ሰኞ ዕለት፣ ጋሪውን ካየሁ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህራችን ስለዚሁ ድጎማ ሲያስተምሩ «‹ሳያቋርጥ› የሚለው ቅድመ ሁኔታ ለምን አስፈለገ?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ፤ ሁልጊዜም አወጣለሁ።

«እርዳታው በእርግጥ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ እንዲደርስ ነው» አልኩ።

«ትክክል» አሉ መምህሩ። አጠገቤ የተቀመጡት ተማሪዎች መልሴን ጻፉት።