የትርንጎ ስለት

ትርንጎ ደሴ ጸሎት አታበዛም። እንደ አንዳንዱ ሰው በትንሽ በትልቁ ታቦት አትጠራም፤ "እግዜርም የራሱ ሥራ አለው፣ ምነው ቢተዉት" የምትል ሴት ናት። ሪያድ በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ የተሳለችው አንድ ስለት ብቻ ነው። እሱም ሠመረላት። ምነው ሳይሠምር በቀረ!

አገሯ አምባሰል ነው፣ ከግሸን ማርያም ግርጌ። ሪያድ ላይ ራውዳ በሚባለው ሰፈር ኡሙ ያሲን የሚባሉ የሶሪያ አሮጊት ትጦራለች። ኡሙ ያሲን ማለት የያሲን እናት ማለት ነው። ልጃቸው ያሲን መድኃኒት ቤት ስለሚሠራ ቀን ቀን አይገኝም፤ ቤቱ የሁለቱ ሴቶች ነው። አሮጊቷን ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸውን ምንም አላመማቸውም። ሩዙ ጠጠረ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ያላ፣ ያላ ሲሉ ይውሉና እግራቸውን ስታሽላቸው ደግሞ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር" ይሏታል። ክርስቲያን መሆኗን ያውቃሉ። ፍልሰታን ስትጾም የሥጋውን ሳህን በዘዴ ፈቀቅ ያደርጉላታል፣ ለእንግዳም አይነግሩባትም። ተጨቃጭቀውም ተዋደውም ነበር የሚኖሩት።

ታናሽ እህቷ ሶስና ደግሞ ደማስቆ ነበረች። አዩልኝ እንግዲህ፣ ሁለት እህትማማቾች ከአንድ እልፍኝ ወጥተው አንዷ ሪያድ፣ አንዷ ደማስቆ፣ ሁለቱም የሶሪያ አሮጊት ይጠብቃሉ። የሶስና አሠሪዎች ጦርነቱ ሲብስ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሊባኖስ ሸሹ፤ "እናታችንን አደራ" አሏትና ሄዱ። አደራ! ሰው እናቱን ጥሎ ሲሄድም አደራ የምትባል ቃል አለችለት። ሶስና ግን አደራ በላ አይደለችም፤ አሮጊቷን ይዛ ከተማው መሀል ተቀመጠች። ቤታቸው ከኮረብታ ሥር ነው፣ ኮረብታው ላይ የወታደር ሰፈር አለ።

"ሲመሽ የወታደሮቹን መብራት ሳየው የመስቀል ደመራ ይመስለኛል" ትላታለች በቫይበር።

"አንቺ ልጅ፣ ደመራ አይደለም እሱ! ውጪ ከዚያ!"

"አሮጊቷን ማን ላይ ልጣላቸው?"

ኸላስ፣ ክርክሩ ሁልጊዜ እዚያ ላይ ያልቃል። ትርንጎ ትቆጣለች፣ ሶስና ትስቃለች። ስትስቅ እንደ ልጅነቷ ትንተከተካለች፣ ትርንጎም ሳትወድ አብራ ትስቅ ነበር።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው ቴሌቪዥኑ ያንን ጉድ አሳየ። ከደማስቆ ወጣ ብለው ባሉ መንደሮች ሌሊት የመርዝ ጋዝ ተለቀቀ ተባለ። ሕፃናቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው በተርታ አስተኝተዋቸዋል። ቁስል የላቸውም፣ ደም የላቸውም፤ የተኙ ነው የሚመስሉት። ትርንጎ ጭልፋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ኡሙ ያሲን የቴሌቪዥኑን መስታወት በመዳፋቸው እየመቱ ስም መጥራት ጀመሩ፤ የእህታቸው የልጅ ልጆች ከነዚያ መንደሮች በአንዱ ይኖሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ልጆቹ የሉም። ትርንጎ አሮጊቷን ደግፋ ያዘችና ተያይዘው ተላቀሱ። የሰው ለቅሶ ነው፣ ግን ለቅሶ ለቅሶ ነው።

ወዲያው ለሶስና ደወለች። ስልኩ አይጠራም። "አብሽሪ፣ መስመር ተቋርጦ ነው" አሏት ሁሉም። እውነትም ጦርነት ያለበት አገር መስመር ይቋረጣል። ደግሞም መርዙ የተለቀቀው ዳር አገር ነው፤ ሶስና መሀል ከተማ ናት። እሱን እያሰበች ልቧን አሳረፈችው።

ልቧ ብዙም አላረፈ። በሳምንቱ ሌላ ወሬ መጣ፤ አሜሪካ ሶሪያን በአየር ልትመታ ነው። መርከቦቹ ባሕሩ ላይ ቆመዋል አሉ። አንዱ መንግሥት ነው መርዙን የለቀቀው ይላል፣ ሌላው አማፂዎቹ ናቸው ይላል፣ አጣሪዎችም ሄደዋል ይባላል። ያሲን ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቆማል።

"ይምቱት!" ይላል። "ዛሬ ዝም ከተባለ ነገም ይደግመዋል። የወታደር ሰፈሮቹን ነው የሚመቱት፣ ሰላማዊ ሰው አይነኩም።"

የወታደር ሰፈር የሚለውን ስትሰማ ትርንጎ በእጇ የነበረውን ብርጭቆ ለቀቀችው። ኮረብታው! ቦምብ ደግሞ መቼ በልክ ይወድቃል? ለኮረብታው ያሉት ግርጌውን አይምርም። ብርጭቆውን እየለቀመች "ማማ፣ እህቴ እኮ እዚያ ናት" አለቻቸው። ኡሙ ያሲን አዩዋት። "አላህ ይጠብቃት። ግን የነዚያ ልጆች ደም ፈስሶ ይቅር ወይ?" አሉ። እሳቸውም እውነት አላቸው፣ እሷም እውነት አላት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቤት፣ ሁለት ጸሎት ሆነ። ኡሙ ያሲን በየስግደቱ "ይምጡ" እያሉ፣ ትርንጎ ከእቃ ማጠቢያው ፊት "አይምጡ" እያለች። አንድ ቀን ውኃውን ዘግታ፣ እጇን በሽርጧ አድርቃ፣ እንዲህ አለች፦ "እመቤቴ፣ የግሸኗ፣ አስቸግሬሽ አላውቅም። እነዚያ አውሮፕላኖች ብቻ አይምጡ። ለንግሥሽ ጃንጥላ አገባለሁ።" አሜንም ያላት የለም፤ ራሷ አሜን ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አርብ አርብ ፈቃድ ስታገኝ ዐዚዚያ ወደሚባለው ሰፈር ትሄዳለች። እዚያ ፈቲያ አለች። ፈቲያ የውጫሌ ልጅ ናት፣ አብረው ነው በአንድ አውሮፕላን የመጡት፤ ከሴቶች ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይታ የሠርግ አዳራሽ ታጸዳለች። ጎናቸው ካለው ጋራዥ ጋሽ ዓባይነህ ይመጣሉ። መኪና ቀቢ ናቸው፣ ለአምባሰል ሰው ሁሉ አስታራቂም አጽናኝም እሳቸው ናቸው። ወሬው ከተሰማ ወዲህ እዚያም ክርክሩ ይህ ብቻ ነበር። ጋሽ ዓባይነህ "ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው" ብለው ይዘጉታል። ፈቲያም "ወላሂ፣ አይመቱም፣ አብሽሪ" እያለች የትርንጎን ጀርባ ትደባብስ ነበር።

ጳጉሜን ላይ በዋለው አርብ ግን ፈቲያ ሌላ ሰው ሆና ጠበቀቻት። አታያትም፣ ከንፈሯን ትነክሳለች። ትርንጎ እንደ ወትሮዋ "አሁንም አልተዉትም፣ ሊመቱ ነው አሉ" ስትል ፈቲያ ብድግ አለች።

"ይምቱት! ድብን ያርጓቸው! ሰው እንደ ትንኝ ፍሊት ተነፍቶበት ዝም ይባላል? እሳት ይውረድባቸው!"

"አንቺ!" አለች ትርንጎ። "እህቴ እዚያ እንዳለች እያወቅሽ?"

ፈቲያ አፏን በሻርፗ ይዛ ሮጣ መታጠቢያ ቤት ገባችና ቆለፈችው። ጋሽ ዓባይነህ ቀለም የበላውን ጥፍራቸውን ያያሉ። ትርንጎ ጥቁር አባያዋን ለብሳ "ከዚህች ልጅ ጋር በቃኝ" ብላ ወጣች። መንገድ ላይ እንባዋ አላቆም አላት። የሥጋ ዘመድ ያህል የምታምናት ልጅ እንዲህ ስትላት ምን ትሁን?

አባቷ ጋ ደወለች። አቶ ደሴ ድምፃቸው ቀጥኗል። "ደህና ናት አሉ፣ ልጄ። ብቻ አንቺ ብዪ፣ ጠጪ፣ ራስሽን ጠብቂ" አሏት። እሷስ እናንተ ጋ ደውላ ታውቃለች ወይ ስትላቸው ሳሉና መስመሩ ተቆረጠ።

የመስከረም አንድ ዕለት ጠዋት ትርንጎ ሻይ እያፈላች ዜናው ተሰማ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ድብደባው ለጊዜው ይቆይ ብሏል፤ በንግግር ሊጨርሱት ነው። ያሲን ቴሌቪዥኑን ረግሞ በሩን በኃይል ዘግቶ ሄደ። ትርንጎ የሰማችውን ማመን አቃታት። ቀጥሎ እልልታው ራሱ ከጉሮሮዋ አመለጠ። እልል! እልል! አዲስ ዓመት፣ አበባ የለ፣ ችቦ የለ፤ አውሮፕላን አልመጣ! እሰይ የኔ እመቤት!

ዘወር ስትል ኡሙ ያሲን ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

"ለምንድን ነው?" አሉ። "ማን ተወለደ?"

"ማማ፣ አይመቱም! እህቴ ተረፈች!"

"የኔዎቹስ?" አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው። "ገዳያቸው በሰላም አደረ። በሱ ነው ቤቴ ውስጥ እልል የምትይው?"

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከእጇ አልበሉም። ሻዩን ራሳቸው እያነከሱ ሄደው ያፈላሉ። እግራቸውን ልታሽ ስትቀርብ ይሰበስቡታል። ትርንጎ አዘነች፤ ከኀዘኗ በታች ግን ደስታዋ አለ፣ ምን ታድርገው?

ጋሽ ዓባይነህ ደወሉላት። "አርብ ጠዋት በማለዳ ነይ። በአዲስ ዓመት ቂም አይያዝም፣ ከፈቲያ ጋር ላስታርቃችሁ።" ትርንጎም ልቧ ለስልሶ ነበርና ድፎ ዳቦ ጋገረች፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። አርብ ማለዳ የሪያድ መንገድ ሰው አይታይበትም። እርቁን እያሰበች፣ ፈቲያን ምን ብላ እንደምታሾፍባት እያሰበች፣ ደረጃውን ወጣች።

በሩ ላይ የተደረደረው ጫማ ብዙ ነው። ለሁለት ሴቶች እርቅ ይህ ሁሉ ሰው? ጋራዥ የሚሠሩት ወንዶች ጫማ አለ፣ ከሩቅ ሰፈር የምትመጣዋ የአገሯ ልጅ ጫማ አለ። ሰው በማለዳ የሚሰበሰበው ለምን እንደሆነ የአምባሰል ልጅ አይጠፋትም። ዳቦው ከእጇ ወደቀ።

"አባቴ ነው?" አለች በሩን ሳትሻገር። "ንገሩኝ፣ አባቴ ነው?"

ጋሽ ዓባይነህ ተነሡ። "ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይላሉ" አሉ። "እኛ አልነበርንም፣ ልጄ። አልቀበርንም። ግን ከኛ በቀር የሚነግርሽ የለም። ሶስና ናት።"

"አልመቱም እኮ!" አለች ትርንጎ። "ጋሼ፣ ምን ነካዎት? አሜሪካ እኮ አልመታም!"

"በመርዙ ነው። ያን ዕለት።"

የደማስቆዋ አሮጊት ቤቴ ልሙት፣ የበለስ ዛፌን ልየው ብለው ሶስናን አስቸግረዋት ኖሯል። ከመርዙ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ዳር አገር ያለው ቤታቸው ወሰደቻቸው። ለትርንጎ ያልነገረቻት እንዳትሰጋ ብላ ነው። ያን ሌሊት የተኩስ ድምፅ ሲሰሙ ከቦምብ ለመሸሽ ምድር ቤት ወረዱ፤ መርዙ ደግሞ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ሆነ። ከሌሎቹ ጋር ቀበሯት ተባለ፣ የት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ደማስቆ ያለች ሶሊያና የምትባል ጓደኛዋ ሰምታ ለአባትየው ደወለች። አባትየው ለፈቲያ ደወሉ፦ "ልጄን በስልክ እንዳትገድሉብኝ። ዓመት በዓሉ ይለፍ፣ ሰው ይሰብሰብላት።" ፈቲያ ያንን እሳት ሆዷ ውስጥ ይዛ ነበር ያን አርብ የጮኸችው።

በአገሯ ቢሆን እሪ ብላ ጎረቤቱን ታነሣው ነበር። ዐዚዚያ ላይ እሪ አይባልም። ጩኸት ከተሰማ ፖሊስ ይመጣል፣ ከተሰበሰበው ሰው ደግሞ ግማሹ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፤ ጠርዘው ወደ አገሩ ይልኩታል። ትርንጎ አፏን ስትከፍት ፈቲያ ዘልላ ያዘቻት፣ ፊቷን ደረቷ ውስጥ ቀበረችው። "እዚህ ጩኺ እህቴ፣ እዚህ፣ እኔ ውስጥ ጩኺ" አለቻት። ትርንጎ የፈቲያን ደረት ነክሳ ጮኸች። ፈቲያ አልተንቀሳቀሰችም። ሌላው ሁሉ ያለ ድምፅ አለቀሰ፤ ወንዶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው።

ከሰዓት በኋላ ራውዳ ተመለሰች። በአገሯ ነጠላዋን ገልብጣ ስትለብስ ያያት ሁሉ ቆሞ ነፍስ ይማር ይላት ነበር። ሪያድ ሴቱ ሁሉ ጥቁር ለብሷል፤ ሐዘንተኛዋ በምን ትለይ? ኡሙ ያሲንም አላወቁም። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ሻያቸው ሲያነክሱ ትርንጎ መሬት ላይ ተቀመጠችና እግራቸውን ያዘች።

"ማማ፣ እህቴ ሞታለች። በመርዙ፣ ከልጆቹ ጋር፣ ያን ዕለት። እኔ ደግሞ እልል አልኩ።"

አሮጊቷ ምርኩዛቸውን ለቀቁ። ከዚያ ያንን የታመመ ጉልበት አጥፈው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከወደቁ መነሣት እንደማይችሉ እያወቁ። ያሲን ማታ ገብቶ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ሲያነሣ "አትክፈተው" አሉት፤ ሁለቱንም ያነሣቸው እሱ ነው።

በማግሥቱ ትርንጎ ለአባቷ ደወለች። አቶ ደሴ መርዶው እንደደረሳት አውቀዋል፤ መጀመሪያ ተላቀሱ።

"አባዬ" አለች ኋላ። "ለግሸን ማርያም ጃንጥላ ግዛልኝ። ለንግሧ ይድረስ።"

"አሁን ምን ጃንጥላ ነው፣ ልጄ? ለእህትሽ ተዝካር ነው እንጂ የሚታሰበው።"

"ስለት አለብኝ። አውሮፕላኖቹ አይምጡ ብዬ ለምኛት ነበር። አልመጡም። ያልኳትን አድርጋለች፣ አባዬ። ሶስናን ጠብቂልኝ ማለቱን ነው የረሳሁት።"